ከመነሣትህ በፊት

ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው። ባሕር ሲሉት ወንዝ፣
ወንዝ ሲሉት ባሕር በሚሆን ውኃ ጠርዝ፣
የሞንቴቪዴዮ ወደብ ሌሊት አይተኛም፤
ክሬኖቹ ያነሣሉ፣ ያኖራሉ፤ ማንም
በድምፅ አያዛቸው። የሚያዛቸው ፕሮግራም
ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው ከተነሣ ሳይቆም።

ኔሊዳ ኤቼቬሪ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ሹራብ በሹራብ ደርባ ስክሪኑን ታያለች፦
በግቢው ያለ ሣጥን ሁሉ
እዚያ ውስጥ አንድ አምሳያ አለው፣
ሲጠሩት አቤት የሚል።
«መድረሻህ?» «ሳንቶስ።»
«ክብደትህ?» «ዐሥራ ስምንት ቶን።»
«ተነሣ» ሲሉት ይነሣል።
ዐሥር ሺህ ሣጥን፣ የአንድ ክፍል ልጆች፤
ትምህርታቸው አንድ፣ መልሳቸው አንድ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ጮኸ።
«ሰባ ሦስት ዜሮ አራት ውስጥ ያለው
የመብራት ማማ ሌንስ ነው፣
ሰው የሚያህል፣ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ብርጭቆ።
ነፋስ ካወዛወዘው አለቀ።»
ውጭ ፓምፔሮ ተነሥቷል፣
ከሜዳው መጥቶ የሰው ባርኔጣ ለቅሞ
ውኃ ውስጥ የሚከት ነፋስ።
ሣጥኑ ግን ስለ ነፋስ አልተማረም።
ተነሣ ካሉት ይነሣል።

ማሽኑን አጥፍቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ማስነሣት?
አርባ ደቂቃ። ሦስት መርከብ ቆሞ ይጠብቃል፤
በአየር ላይ የተንጠለጠለውስ ምን ይሁን?

ከጎኗ ዋሽንግተን ላሮሳ መነጽሩን አወለቀ።
ቁጡ ሰው ነው። ልቡን ከፍተው ከሰፉለት ወዲህ
ሊጮኽ ሲል መነጽሩን ያወልቃል፣
በሸሚዙ ጫፍ አንዱን ይወለውላል፣ ከዚያ ሌላውን፣
ከዚያ ይጮኻል።
ጩኸቱ ያው የዱሮው ነው።
«ክፍሉን እንዳትነኪ! እኔ ነክቼ አውቃለሁ።
ለአንዱ ብዬ ለሁሉም አስተማርኩ፤
ዐሥር ሺህ ሣጥን ባንድ አፍ ነፋስ አለ ወይ አለ፤
ወደቡ እስኪነጋ ቆመ፣ ሙዙ ጠቆረ፣
ከመባረር ለጥቂት ተረፍኩ።»

ለሚሄድ ሰው ልብስ መስፋት ነው፣
እርምጃው ሳይገታ፣ መርፌው ሳይወጋው።
ጠራችው፣ እሱን ብቻ። «አቤት» አለ።
የዱሮውን ተነሣ አልፋቀችም፤
ሌላ ስም ሰጥታ ወደ ጓዳ አስገባችው፣
በሩ ላይ እንደ ዘበኛ አዲስ ቃል አቆመች፦

    ከመነሣትህ በፊት ነፋሱን ጠይቅ።
    ከሃያ ኖት ካለፈ፣ ቆይ።
    ካላለፈ፣ የምታውቀውን አድርግ።

ሦስት መስመር። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።
ክሬን ሦስት መጣ፣ አጎነበሰ።
«ተነሣ።»
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ ሣጥን የለም።
«ቆይ» አለ ሣጥኑ።

ዓመል ከነፍስ ጋራ አብሮ ይወጣል ይላሉ፤
ማን ውጣ ብሎታል? ይቀመጥ በውሉ።
እንዳለ ይኑር፣ ከነስሙ፣ ከነጉልበቱ፤
አንድ ጥያቄ ብቻ ይቁም ከመዝጊያው፣ ከፊቱ።

ሊነጋ ሲል ነፋሱ ደከመው።
ሃያ አራት። ሃያ አንድ። እንደገና ሃያ ሦስት።
ኔሊዳ የቀዘቀዘ ማቴዋን ረስታዋለች።
ዐሥራ ዘጠኝ፤
ሣጥኑም ተነሣ፣ እንደ ወትሮው፣ እንደ ማንኛውም ሣጥን።

መርከቧ ወጣች። ሰባ ሦስት ዜሮ አራት
ከማሽኑ ትዝታ ተፋቀ፣
የተማረውም አብሮት።
ረፋድ ላይ አለቃቸው ኮቱን ሳያወልቅ፦
«ክሬን ሦስት ሁለት ሰዓት ተኩል የገተረው ምንድን ነው?»
ኮዱን ከፈተ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበ፣
ጣቱን እያስኬደ፣ ሁለቴ።
ክፍሉ እንደ ዱሮው ነው። ነፋስ የሚል ቃል የለበትም።
«ይኼ ሣጥን መቆየትን ከየት አመጣው?»

ኔሊዳ ማስታወሻ አልጻፈችም፤ ልትጽፍ አስባ ነበር።
ዋሽንግተን መነጽሩን አወለቀ።
አንዱን ወለወለ።
ሌላውን ወለወለ።
እንደገና አንዱን።