ሁለተኛው ደብተር

የጋሽ ባልካቸው መብራት ሦስት ሌሊት በራ፣
ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ስልሳ አንድ፣ አራተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በግራ።
«ረስተውት ነው» አልን፤ ቆጣሪው ግን አልረሳም፣
ካርዱን በልቶ ጨረሰ።
ሲጨልም ነው የገባን።
በሩን ሰበርነው፤ እሳቸው አልተነሡም።

እድራችን አላሳፈረም፤
ድንኳኑ በሰዓቱ ቆመ፣ ስልሳ ወንበር ወረደ፣
ንፍሮው ተቀቀለ፣ ቀሪ ተቆጠረ፣
ያልመጣ ሃምሳ ብር ተቀጣ፤ ሁሉም በደንቡ ሄደ።

በሠልስቱ እታፈራሁ ተነሣች፤
ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።
«ለሬሳቸው ስልሳ ወንበር አወረድን» አለች፣
«በቁማቸው አንዲት ጀሪካን ውሃ ማን አወጣላቸው?»
አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
ነፋሱ ድንኳኑን ነፋው፣ መልሶ ለቀቀው።

ሁለተኛውን ደብተር የዚያን ዕለት ማታ ገዛን፣
የተማሪ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት።
በአንደኛው ደብተር «ቀሪ» ማለት ያልመጣ ነው፤
በሁለተኛው «ቀሪ» ማለት ያልሞተ።
ጸሐፊው እኔ ሆንኩ፣
ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ያረምኩ፦

ማክሰኞ ሌሊት፣ ውሃ ስትመጣ፣ ነቅቶ የሚቀዳ፦ ቦጋለ።
ሐሙስ፣ ሙዘይን ለኩላሊት እጥበት ሲሄድ፣
ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፦ ስጦታው።
ከእኩለ ሌሊት በኋላ የበራ መብራት ያየ፣ ያንኳኳ፤ ማንም ይሁን።
ትርፍ ቁልፍ ዘበኛው ገመዳ ዘንድ ይሰቀል፣ በየሚስማሩ።

ሲጻፍማ ያምራል።
ቦጋለ «ብር ልክፈልና ብሩ ይቁምልኝ» አለ።
«ብር ደረጃ አይወጣም» አለችው እታፈራሁ፤
አኩርፎ ተራውን ያዘ።
ኑሪያና ጫልቱ በልብስ ማስጫ ገመድ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር፤
ጫልቱ ስትወልድ ተራው ኑሪያ ላይ ወደቀ።
ሾርባውን በር ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ፣ ደረጃውን በሩጫ ትወርዳለች።
እንዲህ አሥራ አንድ ቀን።
በአሥራ ሁለተኛው ጫልቱ ከበሩ ጀርባ ቆማ ጠበቀቻት።
የተባባሉት በደብተሩ የለም።

ሃያ ሦስት ቁልፍ ተሰቀለ፤
ሃያ አራተኛው ሚስማር ባዶ ነበር፣ የእኔ።
መዝጋቢ ይመዘገባል እንዴ?

መጋቢት ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ጉልበቴ ከዳኝ።
ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተዘርሬ አንድ ነገር ብቻ አሰላ ነበር፦
ካርዱ ላይ ስንት ብር ቀርቷል?
ደግነቱ ማክሰኞ ነው።
ጀሪካን ከደረጃው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።
ቆመ። አንኳኳ። በትከሻው ገባ።
ያን ትከሻውን ቦጋለ እስከ ዛሬ ያሳየኛል፦
«ቁልፍህን ብትሰቅል ኖሮ!»

ደብተሩን አልጋዬ ድረስ አመጡልኝ።
የጫልቱ ትልቋ ልጅ በእርሳስ ጽፋበታለች፦
«ጋሼ ሰርፀ፣ ሰኞ፣ ሾርባ፣ ከኛ ቤት።»
ንጉሡን ሠ በእሳቱ፣ ጸሎቱን ጸ በፀሐዩ ለውጣ
አባቴ ያወጣልኝን ስም ሁለት ቦታ አቃጥላዋለች።
ከዚህ ላነሰ ስሕተት ስንት ገጽ አስቀድጃለሁ!

ቀዩ እስክሪብቶ ትራሴ ሥር ነበር፤
ክዳኑን በጥርሴ ከፈትኩ።
ስሜን እንደተቃጠለ ተውኩት።
ከጎኑ፣ ኅዳጉ ላይ ብቻ፦
«ጨው ይቀነስ።»