የጉርሻ ምንዛሪ

ከዘጌ ስንመለስ፣ ክብራንን አለፍ ብለን፣
የከሰዓቱ ሞገድ ከጎን እየመታን፣
ስድስቱ እንግዶቼ ሸንጎ ተቀመጡ፤
ለጀልባው ነጂ ጉርሻ በምን እንደሚሰጡ።

እኔ መሐል ነኝ፣ አስጎብኚ፣ አስተርጓሚ፤
ከፊት የሚባለውን ለኋላው ሰው ሰሚ።
እንየው ሞተሩን ጨብጦ፣ ጋቢውን አጥፎ ተቀምጦበት፣
ዓይኑ ከደመናው ላይ ነው፤ ዝናብ ሸቶት።

አንገቱ በፀሐይ የተላጠው ቀደመ፤
«ዶላር ነው እንጂ» አለ፣ «ከዶላር ፊት ማን ቆመ?
አንዲቷን አጥፌ እጁ ላይ ባኖርለት፣
ሳምንት ይኖርባታል፤ ይበቃዋል በእውነት።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ ስትበረብር ቆይታ፣
«ሳንቲም ነው የሞላኝ» አለች በዝግታ፣
«አምና በትልቁ መርከብ ከዞርንባቸው ወደቦች የተራረፈ፤
ብረትም ገንዘብ አይደል? ትከሻዬን ሲጎትት ዓመት አለፈ።»

ሌላው «ብር ይሻላል» ሲል፣ ጓደኛው ገሠጸው፤
«ነገ የሚረክስ ገንዘብ፣ ምኑን ስጦታ ነው?»
ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገሩ አስጨንቋቸዋል፤
ቢያንስ ያሳፍራቸዋል፣ ቢበዛም ያሳፍራቸዋል።

«ምን ይላሉ?» ይለኛል እንየው ከኋላ።
«ሐይቁ ባሕር ያህላል አሉ» እለዋለሁ በመላ።
ራሱን ይነቀንቃል። ሐይቁን ያውቀዋል፤
ስፋቱም፣ የእኔም ውሸት፣ ሁለቱም ገብቶታል።

ቤቱ አንድ ጣሳ አለ፣ የወተት ዱቄቱ ያለቀ፣
በማያውቃቸው ነገሥታትና በንስሮች እስከ አፉ የታጨቀ።
ባንክ ይዞት ሄዶ ነበር፣ ጫማውን አስጠርጎ፣
ጣሳውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጋቢ ሸሽጎ።
በመስኮቱ ያለችው ልጅ «ጋሼ» አለች ፈገግ ብላ፣
«ሳንቲም አንመነዝርም፤ ወረቀት ካለዎት ሌላ።»
ወረቀትም ወስዶ ያውቃል፣ አንዲት አሮጌ ዶላር፤
«ጥጓ ተቀዷል» ብለው መለሱለት በክብር።
ጥጓ! እሱ ጀልባው ሲሸነቆር ለጥፎ ይሻገራል፣
ሸራው ሲቀደድ ሰፍቶ ከዝናብ ይጠለላል፤
የሰው አገር ገንዘብ ግን ጥፍር በምታህል ስንጥቅ ይሞታል።

ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙን ሥራ አስያዘው።
መሐሉ ቀዳዳ ያለውን፣ አገሩ የት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣
በሲባጎ እያሰረ ከመረቡ ጠርዝ አንጠለጠለው፤
እርሳስ ተወዷላ፣ ወደ ታች የሚስበው።
«ቆሮሶ ምንዛሪ አይጠይቅም» አለኝ አንድ ማታ፣
አሣውን ከመረቡ እየፈታ።

ዘንባባው ታየ፣ የወደቡ ቆርቆሮም ታየ፤
ሸንጎው ግን ሳይፈርድ ቆየ።
እስካሁን ዝም ያለች፣ እጇን ውኃ ውስጥ የነከረች አሮጊት፣
«ለምን ራሱን አንጠይቀውም?» አለች ድንገት።
ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ።
አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ውኃ ላይ፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁ።

ዞሬ ነገርሁት፤ ያሉትን በሙሉ፣ ሳልቀንስ።
እንየው ሞተሩን ገታ፤ ውኃው ጎናችንን ሲዳስስ፣
«ቤንዚን የምቀዳው ከአስማረ ነው» አለ።
«አስማረ በምን ይሸጣል?»
«በብር።»
«ታዲያ?»
ሌላ አልጨመረም፤ ገመዱን እየጠቀለለ።

ተረጎምሁ። አንገቱ የተላጠው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበረ፤
ኪሱ ያለውን ብር አውጥቶ፣ ሳያጥፍ ቆጠረ።
ሚስቱ ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትል፣ እንየው እጁን ዘረጋ፤
«ያንንም ካልፈለጉት…» አለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ፣
«ቀዳዳ ያለው ካለ ጠይቅልኝ።»
ይህን በየትኛው ቋንቋ እንደምተረጉመው ቸግሮኝ፣
ጀልባው ታስሮ፣ ሰዉ ወርዶ፣ እኔ ገና እዚያው ነኝ።