የባልዲው ትኩሳት

በመጋቢት ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ሰንጋ ተራ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ከጠባቧ ሰገነት፣
ክንዴን እስከ ክርን ባልዲው ውስጥ ብሰደው
ለብ ያለ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ነው።
ቴርሞሜትሩን ብጨምር፦ ሃያ ሰባት ተኩል።
ንጋት ላይ አሥራ አራት ነበር፤ የአዲስ አበባ ነገር፣
ጠዋት በካፖርት፣ ቀትር ላይ ምድጃ ሥር።
ሰላጣው ከፎሙ ቀዳዳ አንገቱን ደፍቶ
እንደ ለቀስተኛ፣ ከቀብር በኋላ መጥቶ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲሉ
ነገር ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር፤
ይኸው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ
ቅጠሉ በጥም ሲሰክር።
ለካ ውሃም ይተነፍሳል፤
ሲሞቅ ትንፋሹ ያጥርና ሥር ያፍናል፤
የታፈነ ሥር ቡናማ ይሆናል፣
ዝልግልግ ይላል፣ ይከረፋል።

ፊት ለፊት ባንክ አለ፣ ከእግር እስከ ራሱ መስታወት፤
ፀሐይን ተቀብሎ ወደ እኔ ይመልሳታል፣ አባዝቷት።
ስንት ዘመን ቆጥቤ
ወለድ ያገኘሁት ይኼን ነው፤ ሙቀት።
ማዶ ፍልውሃ ሰው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ሙቅ ውሃ ሲጠብቅ
እኔ በነፃ የመጣልኝን አላውቅ እንዴት እንደምላቀቅ።

ፍሪጅ ሠሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ጓዳ
ጋዝ ስሞላ፣ ኮምፕሬሰር ስፈታ፤
የራሴን ሸጥኩት፣ ለኪራይ ውዝፍ፣ አንድ የሰኔ ማታ።
ስለዚህ ሦስት ሃይላንድ ውሃ ታቅፌ
ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ አስካለች በር ቆምኩ፣ ሀፍረቴን አልፌ።
«ሰላጣ ትኩሳት ይዞት ነው?» ብለው ሳቁ፤
ግን ፍሪዘሩን ከፍተው፣ ሥጋቸውን ገፍተው፣ ቦታ ለቀቁ።
ከታች፣ በመሐረብ የተጠቀለለች ብልቃጥ አለች፤
«ኢንሱሊኔ ናት፤ እሷን ተዋት፣ እንዳለች።»

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ያዝን፦
በረዶው አራት ሰዓት አንዱ፣ ስምንት ሰዓት ሌላው፣
የቀለጠውን ማታ መልሼ ሳስረክባቸው።
ባልዲውን ነጭ ቀባሁት፤ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት።
ይኼን ዘዴ ከአባቴ ነው የሰረቅኩት፤
የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፣
ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልሎ ከመኪናው ጎን የሚያስር፤
ነፋስ በመታው ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል፣
በረሃ መሀል ጥርስ ያማል።
ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። ሃያ።
ሥሩ ነጣ።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመሩ ነው አሉ።
ረቡዕም። ፓምፑ አፉን ዘጋ፣ ፍሪጆቹ አነቡ በሙሉ።
ሊፍት ድሮም የለን፤ እትዬ አስካለች ሁለት ጊዜ አርፈው ደረጃውን ወጡ፣
ብልቃጧን በመሐረብ እንደያዙ ደጄ ላይ ቆሙ፤ ብላቸውም አልተቀመጡ።
«ሞቀብኝ» አሉ። ሌላ ቃል የለም።

ባልዲው ውስጥ አንድ ሃይላንድ ቀርቶ ነበር፣ ግማሹ በረዶ።
እጄ እዚያው ቆየ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልናገርም።
አወጣሁት። በፎጣ ጠቀለልኩት፣ ብልቃጧን እንዳይነካ፤
መድኃኒትም በረዶ ከነካው ይሞታል፣ ብርድም ልክ አለው ለካ።
ጆንያውን ከባልዲው ገፈፍኩ፣ ማሰሮ ላይ ጠመጠምኩ፣
ብልቃጧን ውስጡ አሳደርኳት፤ በየሰዓቱ ተነስቼ አረጠብኩ።
ቴርሞሜትሩም ተዛወረ። አሥራ ስምንት።
ባልዲውን አልለካሁትም፤ የማየውን ቁጥር ፈራሁት።

ሐሙስ ማታ «መጣ!» ብሎ ጮኸ የፎቁ ልጅ ሁሉ።
ከአሥራ ስድስት ሰላጣ ሰባቱ በሕይወት አሉ፤
ግን ሙቀት ያየ ሰላጣ ይመራል።
እትዬ አስካለችን ጠራኋቸው፤ መጥተው በሉ፤
አንድ ሳህን ጨረሱ፣ መረረኝ አላሉ፤
«ሎሚ አለህ?» ብቻ አሉ።
ሲወጡ፣ ሳልጠይቃቸው፣
ባዶ ሃይላንዶቼን ከበሩ ሥር ለቅመው
ይዘው ወረዱ።