በየትኛው ጸ?

ጉሙ በበር ገብቶ ከባለጉዳይ ጋራ ሰልፍ ይዞ ቆሟል፤
መሐል ሜዳ ነው፣ ሰኔ ነው፣ ጣቴ ገና ሳይጽፍ ደንዝዟል።
በጥቁሩ መስኮት የወረዳው መሬት እንደ ዝተት ተጠቅልሎ፣
ሠላሳ ስምንት ሺህ መስመር፣ ስም በስም ላይ፣ ድንበር በድንበር ላይ ተጥሎ።
በአንድ ቁልፍ እገልጠዋለሁ፣ ገጽ በገጽ።
ከግርጌው ሁለት ነጥብ ብቻ፣
አንድ ቃል ጽፎ ሌላውን እንደሚጠብቅ ጸሐፊ
«ቀጥሎስ?» ይለኛል።

«ስም?» አልኋቸው።
«ዐጸደ ሽንቁጤ።»
እዝባር መታሁ፤ ስማቸውን ጻፍሁ።
አልተገኘም፣ አለ ከግርጌ፣ ያለ ይሉኝታ።
ጸሎቱን ጸ ነቅዬ ፀሐዩን ፀ ተከልሁ።
አልተገኘም።
ዓይኑን ዐ አውጥቼ አልፋውን አ አስገባሁ።
አልተገኘም።
ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፤
የአንዲት ሴት ስም ስንት በር አለው?
እሳቸው ፊደል አይለዩም፤
የግብር ካርኒያቸውን እጥፋት እየዳበሱ
«እኔስ አለሁ» አሉ፣ «ይኸው ቆሜ የለም ወይ?»

ሰልፉ ያጉረመርማል።
«ስሜን ተወው ልጄ፤ ስምን ጸሐፊ ያጠፋዋል፤
ድንበሬን ፈልገው፤ እሱን የተጣላኝም ያውቀዋል።
በሰሜን ቆቅ ውሃ፣
በደቡብ የመሪጌታው ኮሶ፣
በምሥራቅ ያ ክፉ ጎረቤቴ፣ በልሁ።»

እዝባር። ቆቅ ውሃ።
ሰባት ቦታ በራ።
ኤንን መታሁ፦ የሌላ ሰው ማሳ።
ኤን፦ የሞተ ሰው።
ኤን፦ እነሆ ኮሶው፣ እነሆ በልሁ፣
በመካከላቸውም
«አፀደች ሽንቁጤ»።

የማን ስሕተት እንደሆነ አልጠየቁኝም።
ከስምንት ዓመት በፊት፣
መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ፣
እኔው ነበርሁ የጻፍሁት፤
ያቺ «ች» የኔ ጣት ናት።

ይህ መስኮት ያሳያል እንጂ አያርምም።
የመስመሩን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጻፍሁላቸው፣
ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት፤
በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ እንደ ሳንቲም።
«ለሚያርመው ሰው እሰጠዋለሁ» አሉ።
ሐሙስ ይመለሱ አልሁ፤
የሚያርመውም እኔው ነኝ፣
አፍሬ አልነገርኋቸውም።

ወደ ፋይሉ ራስ ተመለስሁ። ሁለት ነጥቡ እዚያው ነው።
«ቀጣይ!»
አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ወጡ፤ ካፖርታቸው ይንጠባጠባል።
«ሣህሉ» አሉ።
ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
«አባቴ፣ በንጉሡ ነው በእሳቱ?»