የተገለበጠ ፊደል

ሒርማታ ገበያ፣ ከማዘጋጃው ፊት፣
ዝናብ የምታፈስ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፤
እዚያ ነው ፊደልን ገልብጬ ያወቅኩት፣
አገርን ከጀርባ፣ ከእንጨት ያነበብኩት።

ቅድመ አያቴ አባ ሞጋ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
ሲፈለፍል ውሎ ሦስት እግር ከአንድ ግንድ፣
ጸሐፊ መጣበት፣ ከበቅሎው ሳይወርድ፤
«እጅህ ረቂቅ ነው፤ ይብቃህ መቀመጫ፤
ማኅተም ቅረጽልኝ ለቀረጥ መቁረጫ።»
ዘውድ የጫነ አንበሳ አይቶ አያውቅምና
የጎረቤት ውሻ ላይ ጎፈር ደረበና
አስረከበ። ሄደ። ማንም አላወቀ፤
በዚያ ውሻ ማኅተም
የስንቱ ማር ጭነት ቀረጥ ተጠየቀ።

ከጭራው ሥር ብቻ፣ ከክቡ ጠርዝ ላይ፣
አንዲት ነጥብ ተወ፣ ለሚያውቅ የምትታይ።
«ምንድን ናት?» ሲሉት «ቢላዬ ስቶ ነው»።
አልሳተም። ያቺ ናት የመሃይም ፊርማው።

ጣሊያን ብረት ማኅተም አመጣ ከማዶ፤
ሲኒማ ተከለ፣ ሰፊ መንገድ ቀዶ።
አባ ሞጋ ወደ በርጩማው ተመልሶ
ሞተ፣ የጀመረውን ሁለት እግር አድርሶ።
አንበሳው ሲመለስ ዘውዱን እንደጫነ፣
በአያቴ ቢላ ነው አንበሳ የሆነ።
ነጥቧም አለች።

ከዚያ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣
አባቴን «ዘውዱን ፋቅ» አሉት። ፋቀ።
ዓመት ቆይተው «አንበሳውንም» አሉት።
ጎፈሩ ረገፈ፣ መሬት ላይ ወደቀ።
ማረሻ ቀረጸ፣ መዶሻ፣ ኮከብ።
አንድ ማለዳ ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ዝርዝር፤
የወንድሙ የአብዱልመናን ስም፣ አራተኛ፤
ከግርጌው ማኅተሙ፤
ከማኅተሙ ጠርዝ፣ ቁልጭ ብላ፣ ነጥቧ።
አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ በቀኝ እጁ አልበላም።

ቁቤ መጣ ኋላ፤ ክቡን ተካፈለ።
እናቴ ቋንቋዋን ማኅተም ላይ አየች፤
ማንበብ አትችልም፣ በጣቷ ዳሰሰች፣
በሻሿ ጫፍ አትማ ለጎረቤት አሳየች።

ከዚያማ ቢሮው በዛ። ስሙም ቶሎ ያረጃል፤
ወረዳ ያልነው ዞን፣ ዞን ያልነው ሌላ ይባላል።
አልዋሽም፤ ስም በተለወጠ ቁጥር
ለልጆቼ ጫማ ገዝቻለሁ።

አሁን የእህቴ ልጅ ነጂብ፣ ከዩኒቨርሲቲው የወጣው፣
በጨረር ይቀርጻል። አምስት ደቂቃ።
ቢላ የለ፣ ፍቅፋቂ የለ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ብቻ።
ትናንት ለአንድ አዲስ ቢሮ ሲያሰናዳ
ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ፣
«አክስቴ ዙልፋ፣ ነጥቧን የት ላድርጋት?» አለኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። መቶ ዓመት፣ አንድ ክንድ አይሞላም።
ውሻው አለ። አንበሳው አለ። ማረሻው፦
እሱን በፊቱ ደፋሁት።
ነጂብ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።
መብራት ጠፋ።
እስኪመጣ ላስብበት፣ አልኩት።