ግማሽ አምፔር

ከማራኪ አዘዞ፣ ስምንት ዓመት ነዳሁ፣
ዳገቱን በማርሽ፣ ሰዉን በሳቅ ለመድሁ፤
መልስ አላስቀረሁም፣ ሰው ጥዬ አልሄድሁ፣
በአንዲት ቀዳዳ ግን፣ ስንቱን አስቀየምሁ።

ከቴፑ ጎን ያለች፣ ጥፍር የምታህል አፍ፣
ለፍላሽ የተሠራች፣ ዘፈን ለማሳለፍ፤
ተሳፋሪ ሲያያት፣ ዓይኑ በራ ይላል፣
«ሹፌር፣ ቻርጅ አለ?» ብሎ፣ ገመዱን ይመዛል።
«አለ» እላለሁ። ምን ልበል?
መብረቋ ብቅ ትላለች፣ ባትሪው ላይ ተሰቅላ፣
አራት የነበረው፣ ሦስት ይሆናል ኋላ።
እንቁላል ቀስ በቀስ፣ በእግሩ ይሄዳል አሉ፤
በእኔ ሚኒባስ ግን
ወደ ዶሮዋ ሆድ ነው፣ ጉዞው በሙሉ።

ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ካንዱ ነጥቆ፣
ሲጣሉባት ጊዜ፣
ማንደፍሮ ረዳቴ፣ ገላገለ ስቆ፤
«ወይ ጥጃና ጥጃ፣ ለነጠፈ ጡት ተናንቆ!»
መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ነሐሴ ነው፣ ማታ። ከዶፉ አምልጠው
ጋቢና ገቡልኝ፣ ካፖርታቸው ርሶ፣ ከአዘዞ ተነሥተው፤
አያ ቢሰጠኝ ነው፣ የሚባሉት ስማቸው፣
ከበለሳ መጥተው፣
ሆስፒታል ተኝታ፣ የመጨረሻ ልጃቸው።
«ቀዶ ጥገና ገብታ፣ ‹እንደውላለን› አሉኝ፣
ደም የሚሰጥ ዘመድ፣ ልፈልግ ብዬ ወጣሁኝ፤
ሁለት ፐርሰንት ይላል፣ እባክህ ስካልኝ።»

ሰካሁላቸው።
መብረቋ ብቅ አለች።
«ተመስገን» አሉና፣ ወንበሩን ደገፍ አሉ።
ልጅቷ ግራኝ እንደሆነች፣ ጽሕፈቷ እንደሚያምር፣
ሲነግሩኝ ሽንታ ደረስን፤
እኔ መንገዱን ትቼ፣ ሳይ የስክሪኑን ቁጥር።
አንድ አለ።
ከዚያ ጨለመ፣ ከመስኮቱም የባሰ ጥቁር።

«መብረቁ ነበረ እኮ» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን።
ማንደፍሮ የራሱን፣ ስልክ ቢሰጣቸው እንኳ፣
ቁጥሩን ማን ይዞታል?
የሚደውሉት እነሱ ናቸው ለካ።
ሆስፒታሉ በር ላይ፣ «ሂሳብ ይቅር» ስላቸው፣
ከፍለው ነው የሮጡት፤
ተሰክቶ ቀረ ገመዳቸው።

በነጋታው አራዳ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፣
ብርዛፍ ጋ ሄድሁ፣ ስልክ ጠጋኟ ጋ፣
ያን ገመድ ላስመረምር።
በምላጭ ላጠችው፤ አራት ክር ወጣ ከሆዱ።
«ቀይና ጥቁሩ ያበላሉ» አለች፤
«ነጭና አረንጓዴው፣ ወሬ ነው የሚወስዱ።
ስልክ ጨዋ እንግዳ ነው፣ ሳይጠይቅ አይበላም፤
‹ስንት ላንሳ?› ይላል፣
ያንተዋ ቀዳዳ ግን፣ ደንቆሮ ናት አትሰማም።
ስለዚህ ይፈራል፤ ግማሽ አምፔር ቆንጥሮ፣
በዳገት በቁልቁለት፣ ኔትወርክ ሲያስስ ዞሮ፣
ከጎረሰው ይልቅ፣ ያወጣው በልጦ ያድራል፣
ይሄም ቀጭን ገመድ፣
ከዚያችው ላይ ቆርሶ፣ መንገድ ላይ ያስቀራል።»

«መብረቋስ?» አልኋት።
ቀና አላለችም።
«መብረቋ ‹ተሰክቷል› ትላለች እንጂ
መች ‹ይሞላል› አለች?»

ሲጋራ መለኮሻው ላይ፣ አዲስ ራስ አስገጠምሁ፣
ሁለት አምፔር የሚሰጥ፤
ክንድ የማይሞላ አጭር፣ ወፍራም ገመድ ገዛሁ።
አሁን አዘዞ ሳንደርስ፣ አሥር ይጨምራል ስልኩ፣
«ሹፌር፣ ተባረክ» ይላሉ፣ ሲወርዱ እየመረቁ።
አሮጌዋን አፍ ግን፣ በፕላስተር ለጠፍሁ፣
በእስክሪብቶ ደግሞ
«ለዘፈን ብቻ» ብዬ፣ ደመቅ አድርጌ ጻፍሁ።

የተላጠው ገመድ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ካፖርታ የለበሰ
ሽማግሌ ሲሳፈር፣ ፍሬኑን እረግጣለሁ፤
«ስንት ፐርሰንት ቀረዎት?» እላለሁ፣
ሌላውን ጥያቄ፣ ጉሮሮዬ ላይ ይዤ።
ዞር ይላሉ።
እሳቸው አይደሉም።

ግማሽ አዝናለሁ።
ሌላውን ግማሽ አልነግርህም።