የጉም ሚዛን

ጥር ነው፤ ብርዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ተጠርጎ፣
የመሐል ሜዳው መጋዘን በሩን ወለል አድርጎ፣
የነሐሴው የበግ ጠጉር ዳግም ሚዛን ወጣበት፤
ከአራት መቶው ኪሎ ጎድሎ ተገኘ አርባ ሁለት።

ኦዲተሩ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣ፣
ከቦርሳው ቅጽ አወጣ።
ሁለት ዓምድ ነው ያለው፦ «ትርፍ» እና «ጉድለት»፤
ሦስተኛ የለበት።
እስክሪብቶው መንገዱን ያውቃል፣ አልዘገየም፤
ሲጽፍ ቀና ብሎ ሰው አላየም።

መጋዘን ያዧ ሽታዬ፣ ከደጃፉ ቆማ ሳለች፣
እጇን ወደ ጓሳ ዘርግታ «ጉም ነው» አለች።

«ነሐሴን ታውቁታላችሁ።
ጉሙ ከጓሳ ሲወርድ በጉም ባለ በጉም ይርሳሉ፣
ያን ቀን የመዘንሁት ጠጉር ብቻ አልነበረም።
ይኸው ጥር ገባ፣ ውሃው ወደ ቤቱ ሄደ።
እናንተ የምትጠይቁኝ ጉሙን ነው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ቃለ ጉባኤው ላይ «ንብረት ያዧ በቂ ማብራሪያ አልሰጡም» ብዬ ጻፍሁ።

መሪጌታ ውብነህ «ፈተና ነው፣ ጸልዩ» አሉ፤
የቀበሌው ተወካይ «ከጀርባዋ እነማን አሉ?»
ሊቀ መንበሩ አቶ ሸዋንግዛው መመሪያውን ገለጡ፤
«አንቀጽ ሰባት፤ ያጎደለ ይከፍላል» ብለው ተቀመጡ።
እጅ ወጣ። ዘጠኝ እጅ።
አንዱ የእኔ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጽዱ ሥር፣
ያው ከዘራ፣ ያው ጋቢ፣ ያው ሸዋንግዛው፤
ዛሬ ግን የእድር ዳኛ ናቸው፣ ድምፃቸውም ሌላ ነው።
«ጎረቤት ወድቃለች፤ ቤቷ እንደ ተቃጠለ ነው የሚቆጠረው።»
በነፍስ ወከፍ ሃያ ሃያ ብር ተባለ።
እጅ ወጣ። ያው ዘጠኝ እጅ፣ ሌላም እጅ እየታከለ።
የእድሩም ጸሐፊ እኔው ነኝ፤
«ድንገተኛ አደጋ» ብዬ መዘገብሁት፤
ማክሰኞ «ጉድለት» የጻፈው እጄ አልተንቀጠቀጠም።

የትኛው ሸዋንግዛው ነው የዋሸው?
አንዱም። ሁለቱንም ቀን አይናቸው ንጹሕ ነበር።
ሰው በገባበት ቤት ልክ ነው የሚያጎነብሰው፤
ጉበኑ ነው አንገቱን የሚመልሰው።

ሽታዬ ከፈለች፤ ደረሰኝ ተቆረጠላት።
ብሩን አንድ በአንድ ስትቆጥር ዝም አለች፤
እኛ ምስጋና ጠብቀን ነበር።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ባናዬ ካጥር ላይ ተረስቶ አደረ።
ጠዋት ሳነሳው ከበደኝ።
ታቅፌው እስከ መጋዘኑ ሄድሁ፣
ሚዛኑ ዘንድ ደርሼ ቆምሁ፤
ልክ ብትሆን በየትኛው ዓምድ እጽፈዋለሁ?

ውሃው በክንዴ ይወርዳል።